ዓይነት ማብዛት ምርት ማብዛት አይደለም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር የዓሣ ኩሬ ነገር ሲነሳ ጉድጓዱ፣ ውሃው፣ መኖውና ገበያው በየተራ ይወራሉ። የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር ይኑር የሚለው ጥያቄ ግን አይነሳም። መልሱ ያለቀ የደቀቀ ይመስላል፤ ቆሮሶ ይገባል፣ አምባዛ ይጨመርበታል፣ ካርፕ ከተገኘም እሰየው ነው። ከዚህ ልማድ ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው። ኩሬው ሰፊ ነው፣ ዓሣም ዓሣ ነው፤ ዓይነቱ በበዛ ቁጥር አንዱ የተወውን ሌላው ይበላል፣ አንዱ ቢያልቅ ሌላው ይተርፋል፣ ምርቱም ያድጋል ይባላል። ይህ እምነት ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ስህተቱም ትንሽ አይደለም፤ ገበሬው አንድ ዓመት የቀለበው መኖ ወደማይሸጥ የቀነጨረ ዓሣ የሚለወጠው፣ የጣናን የመሰለ ሌላ አገር የሌለው ሀብትም ለአደጋ የሚጋለጠው በዚሁ በኩል ነው። በጎጃም ደጋና ወይናደጋ ላይ ኩሬ የሚቆፍር ሰው ከአንድ ዓይነት ዓሣ መነሳት አለበት። ሁለተኛውን የሚጨምረው ምክንያቱን በሚገባ ሲያውቅ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጨርሶ መጨመር የለበትም።

ዓሣን ለዓይን ደስታ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች ይህን ቶሎ ይማራሉ። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወደው ወርቃማ ዓሣ ሙቅ ውሃ ከሚሻው ጋር ሲቀመጥ አንዱ መድከሙ አይቀርም፤ አፉ ሰፊ የሆነው ጎረቤቱን ሲውጠውም በመስታወቱ በኩል ይታያል። በማግስቱ ይለያዩአቸዋል። የገበሬው ኩሬ ግን አያሳይም። ውሃው በበጋ ከፍግ የተነሳ አረንጓዴ ነው፣ በክረምት ከማሳ በሚወርደው ቀይ አፈር ደፍርሷል። ከላይ የሚታየው ወደ መኖ የሚሮጥ የአፍ ግርግር ብቻ ስለሆነ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። ስህተቱ የሚታወቀው ኩሬው ሲቀዳ ወይም መረብ ሲጎተት ነው፤ ያኔ ደግሞ ወቅቱ አልፏል፣ ፉሩሽካውና የኑጉ ፋጉሎ አልቋል። የተሳሳተው አመለካከት ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። ጉዳቱ ሲደርስ የሚከሰሰው ውሃው፣ መኖው ወይም ወፉ ነው እንጂ የዓሦቹ ጉርብትና አይደለም።

ዓይነት ይብዛ የሚሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ትልቁ ማስረጃቸው ቻይና ናት። በቻይና የተለያዩ የካርፕ ዓይነቶችን በአንድ ኩሬ ማርባት ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠረ ጥበብ ሲሆን ከአንድ ዓይነት ኩሬ የበለጠ እንደሚያፈራም ተረጋግጧል። ይህን አልክድም፤ እንዲያውም ክርክሬ የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። የቻይናው ኩሬ ለምን ይሠራል? ሣር በል የሆነው ካርፕ ሣሩን ይበላል፣ ሌላው በውሃው ላይኛ ክፍል የሚንሳፈፈውን ረቂቅ አረንጓዴ ያጣራል፣ ሌላው ረቂቅ እንስሳቱን ይለቅማል፣ ሌላው ከወለሉ ጭቃ ይመገባል። አፋቸው አይጋጭም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል፤ እነዚያ ሣር በልና አጣሪ ካርፖች በቆመ ውሃ አይራቡም። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሚፈስ ትልቅ ወንዝ ነው። ስለዚህ ኩሬ ውስጥ መቶ የጨመረ ሰው በዓመቱ መቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ያገኛል እንጂ አሥር ሺህ አያገኝም። ምጥኑ አስተካክሎ ባስገባው ሰው እጅ እንደተጠበቀ ይቆያል። የቻይናው ጥበብ አፋቸው የተለያየና ኩሬ ውስጥ የማይራቡ ዓሦችን መምረጡ ነው። ከዚያ ጥበብ ላይ «ብዙ ዓይነት» የሚለውን ብቻ ቀንጥቦ ወደ ጎጃም ማምጣት መሠረቱን ትቶ ጣሪያውን ማምጣት ነው።

እኛ ዘንድ የሚገባው ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ቆሮሶ ለመራባት ወንዝም ጎርፍም አይፈልግም። እናቲቱ እንቁላሏንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ጣና ውስጥ ዘግይቶ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ዓሣ በጠባብ ኩሬ ሲታፈን በጥቂት ወራት፣ ገና መዳፍ ሳይሞላ መራባት ይጀምራል። ወንዱና ሴቷ አብረው ከገቡ ኩሬው በአንድ ሙቅ ወቅት በልጅና በልጅ ልጅ ይሞላል፤ መኖው ለሁሉ ይከፋፈላል፣ ሁሉም ይቀነጭራል። ገበሬው ሲቀዳ የሚያገኘው ክብደት ምናልባት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ጣት የሚያህል አጥንት ነው፣ የፍኖተ ሰላም ገበያም ይህን አይገዛም። ስለዚህ የቆሮሶ የመጀመሪያ ችግር ጓደኛ ማጣት አይደለም፤ የራሱ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ዓሣ ይዞ «ከማን ጋር ላኑረው?» ብሎ መጀመር ጥያቄውን ከጫፉ መያዝ ነው። መቅደም ያለበት «ወንዶቹን ብቻ ማግኘት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፤ ጫጩቶቹ ትንሽ ካደጉ በኋላ ሆዳቸውን እያዩ በእጅ መለየትም የለመደ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። አድካሚ ነው፣ አንዳንዴም ሴት ታመልጣለች፤ ሆኖም ከየትኛውም የጓደኛ ምርጫ በፊት ይመጣል።

እዚህ ላይ የአምባዛ ጠበቆች ይነሳሉ። አምባዛ ሥጋ በል ነው፤ የቆሮሶን ልጆች ይበላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማኖር ለመቀንጨር መድኃኒት ነው ይላሉ። በመርሁ እውነት አላቸው፤ በብዙ አገር የተሞከረና የሠራ ዘዴ ነው። መድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዳለው ግን አይነግሩንም። ልማዱ ሁለቱን ጫጩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ጀሪካን አምጥቶ ማፍሰስ ነው። በዚያ ቀን ኩሬው ውስጥ የሚበላ የቆሮሶ ልጅ የለም። ያሉት ገና ያልወለዱ ትናንሽ ቆሮሶዎች ናቸው። አምባዛው ከእነሱ ካነሰ በመኖ ይሻማቸዋል፣ ከእነሱ ከበለጠ ራሳቸውን ይበላቸዋል፤ በሁለቱም መንገድ የተመጣበትን ሥራ አይሠራም። ትክክለኛው መንገድ ቆሮሶው መጀመሪያ ገብቶ እንዲያድግ መተው፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሲታዩ ደግሞ ከወላጆቹ በግልጽ የሚያንስ፣ ልጆቹን እንጂ ወላጆቹን መዋጥ የማይችል አምባዛ በቁጥር ጥቂት አድርጎ መጨመር ነው። በቡሬ ዙሪያ ይህ ከወር ጋርም የተያያዘ ነው። ክረምቱ ወጥቶ በጥቅምት የገባ ቆሮሶ እስከ ጥር ባለው ብርድ እምብዛም አይራባም፤ የሚራባው ውሃው ሲሞቅ፣ ከየካቲት ወዲህ ነው። በጥቅምት አብሮት የገባ አምባዛ እንግዲህ ወራት ሙሉ ሥራ ፈት ነው፣ ሥራ ፈት ሥጋ በል ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ይበላል።

ከዚህ የሚከፋው ሁለተኛው ዓመት ነው። አምባዛ በተለመደው ኩሬ ውስጥ በቀላሉ ስለማይራባ ጫጩቱ በየዓመቱ ከማራቢያ ጣቢያ መምጣት አለበት። በሌላ በኩል ግን በቀላሉ አይሞትም። ከጉሮሮው አጠገብ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ኩሬው ሲቀዳ ከታች የቀረው ጭቃ ውስጥ እየተነፈሰ ይቆያል። ብዙ ኩሬዎች የማፍሰሻ ቱቦ ስለሌላቸው እስከ ወለላቸው አይደርቁም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ትንሽ የነበረው አምባዛ ዘንድሮ ከኪሎ በላይ ሆኖ፣ አዲስ የቆሮሶ ጫጩት ሲፈስ ከጭቃው ይጠብቃል። የተገዛው ጫጩት በሳምንታት ያልቃል፤ ገበሬው «ጫጩቱ ደካማ ነበር» ይላል። ሌሊት ላይ ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። ፍግ የበዛበት አረንጓዴ ውሃ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ይበላዋል፤ ንጋት ላይ የሚጨነቀው ቆሮሶው ነው። አምባዛው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ኩሬው በተበላሸ ቁጥር ጥቅሙ ለአምባዛው፣ ጉዳቱ ለቆሮሶው ይሆናል ማለት ነው፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል የሚለው መድን ይኸው ነው። የሚተርፈው በላተኛው ነው፤ የተጎዳውን በልቶ ነው የሚተርፈው።

ስለ ብርድ የሚወራው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ለጎጃም ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ያቆማል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ትልቅ ሐይቅ ሙቀቱን ሌሊት ይዞ ያድራል፤ ጉልበት የሚደርስ ኩሬ ግን በታኅሣሥ ሌሊት ያገኘውን ሁሉ ይለቃል። ስለዚህ «ጣና ላይ ከሆነ እኛም ዘንድ ይሆናል» የሚለው ሙግት ከፍታውን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ይዘነጋል። በፍኖተ ሰላምና በቆላው የብር ወንዝ ዳር ቆሮሶ አሳማኝ ምርጫ ነው፤ በቡሬ ኩሬው ጠለቅ ካለና ነፋስ ከተከለለ ይሆናል፤ ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ደጋ ሲወጣ ግን አይሆንም። ካርፕ ደግሞ ብርድን እጅግ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስገባ ሰው በቀዝቃዛዎቹ ወራት አንዱ ሲበላ ሌላው የሚያንቀላፋበት ኩሬ አለው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ቆሮሶው ለምግብ የሚጋፈጠው ቀድሞት የገዘፈውን ካርፕ ነው። አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው እንጂ ለሁለቱ የሚስማማ አንድ ወቅት የላቸውም።

ካርፕ ሌላም ጠባይ አለው። ምግቡን የሚፈልገው ወለሉን በአፉ እየቆፈረ ነው። አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ወለል ባለበት ይህ ብዙ አይጎዳም። የምዕራብ ጎጃም ኩሬ ግን በብዛት በቀይ ሸክላ አፈር የተቆፈረ ነው፤ አፈሩ አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይረጋም። ውሃው ሲደፈርስ ብርሃን አይገባም፣ ብርሃን ካልገባ ረቂቁ አረንጓዴ አይበቅልም፤ ቆሮሶ ያለ ክፍያ የሚያገኘው ምግብ ደግሞ ያ አረንጓዴ ነው። ገበሬው በፍግ ያለማው ውሃ በጎረቤቱ አፍ ይበላሻል፣ ጉድለቱን በተገዛ መኖ መሙላት ግድ ይሆናል። «አንዱ የተወውን ሌላው ይበላል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ አንዱ ሲበላ የሌላውን ማዕድ ያፈርሳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በኩሬው ክልል ውስጥ ያለ ጉዳት ነው፣ የሚጎዳውም ባለቤቱ ነው። የመጨረሻው ነገር ግን ከኩሬው ይወጣል። ኩሬ በክረምት ይሞላል፣ ይፈሳል፤ ዓሣም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጓደኛ መምረጥ ማለት በኩሬው ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን ከታች በወንዙ ለሚኖረውም መምረጥ ነው። በምዕራብ ጎጃም ውሃ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ብርና ፈጣም ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ይወርዳሉ፤ ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጣና ውስጥ ቢያንስ 15 ዓይነት ትላልቅ ነጭ ዓሦች አሉ፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዝርዝር እንዳሳዩት እነዚህ ዓሦች ከአንድ የዘር ግንድ ወጥተው በአፍና በአመጋገብ የተከፋፈሉት እዚያው ሐይቁ ውስጥ ነው። ከመካከላቸው ስምንቱ ሌላ ዓሣ በል ሆነዋል፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌለው ወገን እንዲህ መሆኑ በዓለም ብርቅ ነው። ይህ የሆነው 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለ፣ ሐይቁም ባዕድ ተፎካካሪ ስላልነበረው ነው። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ይራባሉ። ወለል ቆፋሪውን ካርፕ ወደ ጣና በሚፈስ ተፋሰስ ውስጥ ማኖር ይህን ሁሉ ለአንድ ኩሬ ምርት በቁማር ማስያዝ ነው።

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ካርፕ እኮ በአገሩ ገብቷል፤ በፊንጫ ግድብ አለ፣ ፊንጫም ወደ ዓባይ ይፈሳል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ፊንጫ የሚገናኘው ከፏፏቴው በታች ካለው ዓባይ ጋር ነው። ፏፏቴውን ካርፕ በራሱ አይወጣውም፤ ሊያሻግረው የሚችለው የሰው ጀሪካን ብቻ ነው። ይህ ሙግት ጥንቃቄን አያስቀርም፤ ጥንቃቄው የት ላይ መጥበቅ እንዳለበት በትክክል ያሳያል። ለቆሮሶም ቢሆን ነገሩ ክፍት አይደለም። የጣና ቆሮሶ በ1992 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቅ የመጣ ቆሮሶ በግልገል ዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ሲገባ ዘሩ ይቀላቀላል፤ ስሙ አንድ መሆኑ አንድ አያደርገውም። ዓሣ ጨምሮ ውሃን መለወጥ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያይ ካለ ወሎን ይመልከት። እዚያ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ ውሃ እጅግ የጠራ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቆሮሶ ከተጨመረበት በኋላ በነበሩት ዓመታት የውሃው ጥራት በእጅጉ ቀንሷል፣ ተመራማሪዎችም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት ይህንኑ ዓሣ ነው። የአካባቢው ሰው ዓሣ አገኘ፤ ይህ ጥቅም ነው፣ አላቃልለውም። ግን መመለሻ የሌለው ለውጥ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅም ናይል ፐርች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገብቶ በ1980ዎቹ ብዙ አገር በቀል ትናንሽ ዓሦች ሲጠፉ መልሶ የሚያወጣው አልተገኘም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የገበሬው አቅም ነው። ገበሬ የሚያስገባው የመረጠውን ሳይሆን ያገኘውን ነው፣ ጫጩት በስንት ልመና በሚመጣበት አገር የዓይነት ምርጫ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ከልብ የመነጨ ሐሳብ ስለሆነ በቀላሉ አልመልሰውም። ሆኖም ምርጫ ቅንጦት የሚሆነው ስህተቱ ርካሽ ሲሆን ነው። የጃቢ ጠህናን ገበሬ በቆሎው መሐል አደንጓሬ ሲዘራ ዓይነት ለማብዛት ብሎ አይደለም፤ አደንጓሬው በቆሎውን እንደማይጋርድና ቀድሞ እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነው። ሰሊጥ በነፃ ቢሰጡት እዚያው መሐል አይዘራውም። ይህ እውቀት ለኩሬው ሲሆን የሚጠፋው ገበሬው ስለማያስብ አይደለም፤ ከዓሣው ጋር ስለ ዓሣው ጠባይ የሚነግረው ስለማይመጣ ነው። ድሃ ገበሬ የተሳሳተ ጓደኛ ያለበት ጀሪካን ሲሰጠው ስጦታ አይደለም፤ የዓመት መኖ የሚበላ ዕዳ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፣ ሰበታም ብሔራዊው አለ፤ እዚህ የተጻፈው የዓሦች ጠባይ እዚያ ላሉ ባለሙያዎች አዲስ አይደለም። የጎደለው ይህ እውቀት ከጫጩቱ ጋር በአንድ መኪና በእንጅባራ በኩል ቡሬ መድረሱ ነው። ጫጩት ከመሰጠቱ በፊት የኩሬው ውሃ በታኅሣሥ ንጋት ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይለካ። ኩሬው እስከ ወለሉ ይደርቃል ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ የማይደርቅ ከሆነ አምባዛ አይሰጥ። ትርፉ ወደ ብር ወይም ፈጣም ይፈሳል ወይስ ወደ ግልገል ዓባይ? ወደ ግልገል ዓባይ ከሆነ ካርፕም፣ ከጣና ውጭ የመጣ ቆሮሶም አይግባ። በሰከላ ደጋ ይህ ማለት ብርድ የሚችለው ዓሣ የተከለከለ፣ የተፈቀደውም የማያድግ ይሆናል፤ እዚያ የተቆፈረው ውሃ ለአትክልትና ለከብት ቢውል ይሻላል፣ ይህንንም ለገበሬው ሳይቆፍር በፊት መንገር ይገባል። ቆሮሶና አምባዛ አብረው ሊኖሩ በሚችሉበት በፍኖተ ሰላምና በብር ወንዝ ቆላ ደግሞ ቆሮሶው በጥቅምት፣ አምባዛው የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሲታዩ በየካቲትና መጋቢት መካከል ለየብቻ ይምጣ። ሁለት ጊዜ ማመላለስ የነዳጅ ወጪ አለው ይባል ይሆናል፤ አዎ አለው፤ በአንድ ጊዜ መጥቶ በጥር የቆሮሶ ጫጩት የጨረሰው አምባዛ ያስወጣው ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ያንንም የሚከፍለው ጫጩቱን ያመጣው መኪና ሳይሆን ኩሬውን የቆፈረው ሰው ነው።